የሚወዛወዝ ድምፅ፣ የሚለካ ቅኝት፦ ስለ ሞዱሌሽን ፔዳሎችና ስለ ጥናታዊ ቀረጻ

በሙዚቃ ጥናት ዘርፍ የሚዘጋጅ የመመረቂያ ጽሑፍ ዛሬ መረጃውን የሚያገኘው በአመዛኙ በኮምፒዩተር ላይ ከተቀረጸ ድምፅ ነው። ክራሩ በማይክሮፎን ወይም በፒክአፕ በኩል ወደ ኦዲዮ ኢንተርፌስ ይገባል፤ በቀረጻ ሶፍትዌሩ ውስጥ በየትራኩ ይቀመጣል፤ አጥኚውም የእያንዳንዱን ክር ድምፅ በሴንት ለክቶ ስለ ቅኝቱ አንድ ነገር ይላል። በዚህ ሂደት መካከል ሳይመዘገብ ሊያልፍ የሚችል አንድ ዕቃ አለ። እርሱም በተጫዋቹ እግር ሥር ወይም በሶፍትዌሩ መስኮት ውስጥ የሚገኘው፣ ኮረስ፣ ፍላንጀር፣ ፌዘር፣ ቪብራቶና ትሬሞሎ እያልን የምንጠራው የሞዱሌሽን ፔዳል ነው። ሲጠቀስም እንደ ወጥ ማጣፈጫ ነው የሚጠቀሰው፤ ድምፁን «ሞቅ» ወይም «ሰፋ» ያደርገዋል ይባልና ይታለፋል።

የዚህ ጽሑፍ አቋም ከዚህ የተለየ ነው። አብዛኞቹ የሞዱሌሽን ፔዳሎች የድምፁን ቀለም ብቻ ሳይሆን ቅጥነቱንም ይለውጣሉ። ስለዚህ ለጥናት ወይም ለቅርስነት በሚደረግ ቀረጻ ሁሉ ፔዳሉ ያልነካው ድምፅ ለብቻው በተለየ ትራክ ሊቀመጥ፣ የፔዳሉም አቀማመጥ በጽሑፍ ሊመዘገብ ይገባል። ይህ ማለት ፔዳል አትጠቀሙ ማለት አይደለም። ኮረስ የነካው ክራር ደስ የሚል ድምፅ አለው፤ በዚህ ላይ ክርክር የለኝም። ክርክሬ ከዚያ ድምፅ ላይ ቁጥር አውጥተን «ይህ የባለሙያው ጣት ያወጣው ነው» ከማለታችን ጋር ነው።

ስለ ስያሜ

የሞዱሌሽን ፔዳሎች ሁሉ መሠረት አንድ ነው። ራሱ የማይሰማ፣ በሰከንድ ከአንድ ጊዜ ባነሰ ፍጥነት ጀምሮ እስከ ዐሥር ጊዜ ገደማ የሚመላለስ ዝግ ያለ ሞገድ አለ፤ ይህ ሞገድ አንዱን የድምፁን ባሕርይ ይዞ ወዲያና ወዲህ ያወዛውዘዋል። ትሬሞሎ የሚያወዛውዘው የድምፁን ጉልበት ነው፤ ቪብራቶ ቅጥነቱን ነው። ኮረስ ድምፁን ለሁለት ከፍሎ አንዱን ቅጂ በጥቂት ሚሊ ሰከንድ ያዘገየዋል፤ የመዘግየቱን መጠን ያለማቋረጥ እየለዋወጠም ካልተነካው ቅጂ ጋር ይቀላቅለዋል። ፍላንጀር ይህንኑ እጅግ ባጠረ መዘግየት ያደርጋል፤ የወጣውንም ድምፅ በከፊል መልሶ ወደ መግቢያው ይልከዋል። ፌዘር በመዘግየት ፋንታ የሞገዱን ፌዝ የሚያዞሩ ማጣሪያዎችን በተርታ ይደረድራል፤ እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣው የኤምኤክስአር ፌዝ 90 እንዲህ ያሉ አራት ደረጃዎች አሉት።

ስያሜዎቹ ግን ከመነሻቸው የተምታቱ ናቸው። የፌንደር ኩባንያ በብዙ አምፕሊፋየሮቹ ላይ «ቪብራቶ» ብሎ የጻፈው በተግባር ትሬሞሎ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1954 ባወጣው ስትራቶካስተር ጊታር ላይ «ትሬሞሎ» ያለው ዘንግ ደግሞ የክሩን ቅጥነት የሚለውጥ፣ ማለትም ቪብራቶ ነው። በሮድስ ኤሌክትሪክ ፒያኖ ላይ «ቪብራቶ» የተባለውም ድምፁን በግራና በቀኝ ድምፅ ማጉያ መካከል የሚያመላልስ የጉልበት ውዝዋዜ ነው። ቪብራፎንም ቢሆን ስሙ እንደሚያስመስለው አይደለም። ከብረት ቁልፎቹ ሥር ባሉት ቱቦዎች አፍ ላይ በሞተር የሚዞሩ ክዳኖች ቱቦዎቹን ሲከፍቱና ሲዘጉ በዋናነት የሚመላለሰው ጉልበቱ ነው። ሙላቱ አስታጥቄ የኢትዮ ጃዝ መለያ ባደረገው በዚህ መሣሪያ ላይ ሞተሩ ሲበራ የምንሰማው፣ ፔዳል ከመፈልሰፉ በፊት የነበረ ሜካኒካዊ ትሬሞሎ ነው።

በአማርኛ ችግሩ በሌላ መልክ ይመጣል። «ድምፁን ከፍ አድርገው» ስንል ጉልበት ይሁን ቅጥነት የሚለየው ዐውዱ ብቻ ነው፤ የስቱዲዮ ሰው ለመጀመሪያው፣ የዜማ ሰው ለሁለተኛው ይገለገልበታል። ስለዚህ እዚህ «ጉልበት» የምለው የድምፁን መበርታትና መድከም፣ «ቅጥነት» የምለው ደግሞ ቀጭን ወይም ወፍራም መሆኑን ነው። የተሻለ ስያሜ ያለው ቢያቀርብ እሰየው። ሁለቱን በአንድ «ማርገብገብ» ውስጥ መጠቅለል ግን በጥናታዊ ጽሑፍ መቅረት አለበት፤ ምክንያቱም አንደኛው መለኪያችንን ብዙም አይነካውም፣ ሌላኛው ግን ያፈርሰዋል።

ቁጥሩ የሚለው

የሚዘገይ ድምፅ የመዘግየቱ መጠን በተለወጠ ቁጥር ቅጥነቱ መለወጡ አይቀርም። አምቡላንስ ወደ እኛ ሲቀርብ ጩኸቱ ቀጥኖ፣ ሲርቅ ወፍሮ የሚሰማን በዚሁ ምክንያት ነው፤ በሁለቱም ድምፁ ጆሮ እስኪደርስ የሚወስደው ጊዜ እየተለወጠ ነው። ስሌቱም ቀላል ነው። መዘግየቱ ከመካከለኛው ነጥቡ ግራና ቀኝ 1 ሚሊ ሰከንድ እየሄደ በሰከንድ 5 ጊዜ ቢመላለስ፣ የቅጥነቱ ከፍተኛ ለውጥ 2 ጊዜ ፓይ፣ ጊዜ 5፣ ጊዜ 0.001 ነው። ይህም 3.14 በመቶ፣ በሴንት ደግሞ 54 ገደማ ይሆናል። አንድ ሴሚቶን 100 ሴንት መሆኑን ስናስብ፣ ድምፁ ወደ ላይም ወደ ታችም ከግማሽ ሴሚቶን በላይ ይጓዛል ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ቪብራቶ ማንም ጆሮ ይለየዋል፤ ስለዚህ ብዙም አያሳስበኝም።

የሚያሳስበኝ ዝግ ያለው ነው። መዘግየቱ 2 ሚሊ ሰከንድ ወዲያና ወዲህ እያለ በሁለት ሰከንድ አንድ ጊዜ ብቻ የሚመላለስ ኮረስ እንውሰድ። ለውጡ ወደ ላይ 11፣ ወደ ታች 11 ሴንት ያህል ነው። ጆሮ ይህን እንደ ውዝዋዜ ሳይሆን እንደ ስፋት ነው የሚቀበለው። ክራር ደግሞ ክሩ ተነክቶ ድምፁ ቶሎ የሚሞት መሣሪያ ነው፤ አንዱ ምት የፔዳሉን ዑደት በሙሉ አያይም፣ ቁራጩን ብቻ ነው የሚይዘው። አንዱ ምት ዑደቱ ሲወጣ፣ ሌላው ሲወርድ ቢደርስ፣ ያው አንድ ክር፣ ሳይላላና ሳይጠብቅ፣ እስከ 22 ሴንት የሚለያዩ ሁለት የተዘገዩ ድምፆች ይሰጠናል። ዝግ ያለው ሞገድ ባለ ሦስት ማዕዘን ቅርጽ ሲኖረው (በኮረስ ፔዳሎች ዘንድ የተለመደ ነው) ነገሩ የባሰ ያሳስታል፤ ቅጥነቱ በመወዛወዝ ፋንታ በሁለት ቋሚ ደረጃዎች መካከል ይዘላል። ይህን በግራፍ ላይ የሚያይ አጥኚ «ባለሙያው ይህን ድምፅ ሆን ብሎ በሁለት መልክ ይጠቀምበታል» ብሎ ቢደመድም አይፈረድበትም። መረጃው ያንን ነው የሚያሳየው።

ኮረስ ያልተነካውንም ድምፅ አብሮ ስለሚያሰማ «ጆሮ ትክክለኛውን ይለያል» የሚል መልስ ሊቀርብ ይችላል። ጆሮ ይለይ ይሆናል። ቅጥነት መለኪያ ፕሮግራም ግን በአንድ ጊዜ አንድ ቁጥር እንዲያወጣ የተሠራ ነው። 440 ሄርዝ ከሆነ ድምፅ ጋር በ10 ሴንት የቀጠነ ቅጂው ሲደመር በሰከንድ ሁለት ተኩል ጊዜ ያህል የሚያብጥና የሚከስም ድምፅ ይፈጠራል። ፕሮግራሙ አንዴ አንዱን፣ አንዴ ሌላውን፣ አንዴ መካከለኛውን ይመርጣል። የማሲንቆ ነገር ደግሞ የተለየ ነው። የማሲንቆ ተጫዋች ጣት ራሱ ቪብራቶ ያወጣል፤ የሰው ልጅ ቪብራቶ በሰከንድ ከ5 እስከ 7 ጊዜ አካባቢ የሚመላለስ በመሆኑ ከብዙ ፔዳሎች ፍጥነት ጋር አንድ ክልል ውስጥ ይወድቃል። የጣቱንና የማሽኑን ውዝዋዜ አንድ ላይ ከተቀረጸ ትራክ ላይ ለይቶ ማውጣት በተግባር አይሞከርም። በገናም የራሱ ጠባይ አለው፤ እንዚራው የሚሰጠው ነዛሪ ድምፅ በብዙ ተከታይ ድምፆች የተሞላ ስለሆነ ፍላንጀር በድምፁ ስፋት ላይ የሚቆፍራቸው ጉድጓዶች በበገና ላይ ጎልተው ይሰማሉ። ውጤቱ ያምራል፤ የእንዚራውን ሥራ ለሚያጠና ግን በዚያች ቅጽበት ጉድጓዱ ውስጥ የወደቀው ድምፅ ጠፍቷል፣ በስሌት አይመለስም።

ይህ ሁሉ ተራ የቴክኒክ ጭቅጭቅ የማይሆነው በቅኝት ጥናታችን ምክንያት ነው። ከትዝታ፣ ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺ ሆዬ መካከል በተለይ አንቺ ሆዬ በፒያኖ እኩል ክፍፍል ውስጥ በቀላሉ አይገባም የሚለው ክርክር የቆየ ነው። ክርክሩ የሚዳኘው በ10፣ በ20፣ በ30 ሴንት ልዩነት ነው፤ ማለትም አንድ ለዘብ ያለ ኮረስ በሚያመጣው ስሕተት ልክ። በሌላ በኩል በኤሌክትሮኒክ መቃኛና በኪቦርድ ጆሯቸውን ያቀኑ ወጣት ተጫዋቾች እየበዙ ነው። በቀድሞው መንገድ፣ በጆሮ ብቻ የሚቃኙ አዛውንት ባለሙያዎች የሚቀረጹበት ዕድል ግን ሁልጊዜ አይገኝም። አንድ አዛውንት ስቱዲዮ ገብተው የተጫወቱት፣ ኮረሱ ከድምፁ ጋር ተጣብቆ ብቻ ከቀረ፣ ለአድማጭ የሚሆን ዘፈን ይተርፈናል፤ ለተመራማሪ የሚሆን ማስረጃ ግን አይተርፈንም። ያንን ቀረጻ ደግሞ ማንም ሁለተኛ ሊያስደግማቸው ላይችል ይችላል።

ፔዳሉን ከሶፍትዌር ጋር ማገናኘት

ያልተነካውን ድምፅ አስቀድሞ ቀርጾ፣ በኋላ ከኮምፒዩተሩ አውጥቶ በእውነተኛው ፔዳል ውስጥ አሳልፎ መልሶ መቅረጽ ይቻላል፤ በስቱዲዮ ቋንቋ ሪአምፕ የሚባለው ነው። የምደግፈው መንገድ ይህ ነው፤ ነገር ግን በግዴለሽነት ከተሠራ አዲስ ስሕተት ስለሚወልድ ጥቂት ልቆይበት።

የመጀመሪያው ጉዳይ የጉልበት መጠን ነው። የኢንተርፌስ መውጫ ለስቱዲዮ ዕቃ የተሠራ በመሆኑ የባለሙያው መለኪያ 1.23 ቮልት ነው። ፔዳል ግን የጊታር ፒክአፕ የሚያወጣውን አነስተኛ ቮልቴጅ የሚጠብቅ፣ ብዙ ጊዜ በ9 ቮልት የሚሠራ ዕቃ ነው። የቆዩት ኮረሶችና ፍላንጀሮች መዘግየቱን የሚፈጥሩት ድምፁን ከአንዱ ካፓሲተር ወደ ቀጣዩ እንደ ውኃ ባልዲ በሚያቀባብል ቺፕ ነው፤ ሳንግስተርና ቴር የተባሉ የፊሊፕስ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1969 የፈለሰፉት ነው። ይህ ቺፕ ከመጠን በላይ ሲጫንበት ቶሎ ይሰነጥቃል፤ ሲያንስበት ደግሞ የራሱ ሹክሹክታ ጎልቶ ይወጣል። ስለዚህ የሶፍትዌሩን መላኪያ 12 ዴሲቤል ያህል ዝቅ አድርጎ መጀመርና በጆሮ ማስተካከል ይበጃል። የሪአምፕ ሣጥን ካለ ይህን ይሠራል፤ በመሬት ሽቦ ዙር ምክንያት የሚመጣውን የ50 ሄርዝ እምታም ብዙ ጊዜ ይቆርጠዋል። ካልተቆረጠ እምታው ራሱ ከፔዳሉ ጋር እየተወዛወዘ በትራኩ ላይ ይቀራል።

ሁለተኛው ጉዳይ መዘግየት ነው፤ ተማሪዎችን በጣም የሚያደናግረውም ይህ ነው። በ48,000 ናሙና በሰከንድ፣ በ128 ናሙና ቋት ስንሠራ የአንድ አቅጣጫ ጉዞ 2.67 ሚሊ ሰከንድ ይፈጃል፤ ደርሶ መልሱ ቢያንስ 5.3 ሚሊ ሰከንድ ነው፣ የመለወጫ ቺፖቹ ጊዜ ሳይጨመር። ከፔዳሉ የተመለሰው ድምፅ ይህ ሳይካካስለት በሶፍትዌሩ ውስጥ ካለው ያልተነካ ትራክ ጋር ቢቀላቀል 94 ሄርዝ አካባቢ የመጀመሪያው ጉድጓድ ይፈጠራል፤ ከዚያም በየ188 ሄርዙ ይደገማል። ያ ድምፅ ኮረስ ይመስላል፤ ግን ኮረስ አይደለም፣ የመካካሻ ጉድለት ነው። በአብልተን ላይቭ «ኤክስተርናል ኦዲዮ ኢፌክት»፣ በሎጂክ «አይ/ኦ»፣ በሪፐር «ሪአኢንሰርት» የሚባሉት መሣሪያዎች ይህን ለማካካስ የተሠሩ ናቸው። አንዳንዶቹ አጭር ጠቅታ ልከው ሲመለስ ጊዜውን ራሳቸው ይለካሉ። ታዲያ መለኪያው በሚላክበት ጊዜ የሞዱሌሽን ፔዳሉ መጥፋት አለበት። ፔዳሉ በርቶ ከተለካ፣ ጠቅታው የሚያገኘው የሚወዛወዝ መዘግየት ስለሆነ፣ በለካን ቁጥር የተለየ ቁጥር ይመጣልናል።

ስለ ስቴሪዮም አንድ ነገር ልበል። እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣው የሮላንድ ጄሲ-120 አምፕሊፋየር ኮረሱን የሚፈጥረው ያልተነካውን ድምፅ በአንዱ ድምፅ ማጉያ፣ የሚወዛወዘውን በሌላው አሰምቶ ሁለቱን በክፍሉ አየር ውስጥ በማዋሐድ ነው። በዓመቱ የወጣው ቦስ ሲኢ-1 ፔዳል ይህንኑ ዑደት ከአምፕሊፋየሩ አውጥቶ እግር ሥር አኖረው። ይህ አሠራር ለአጥኚ ሳይታሰብ የተተወ በረከት ነው፤ ሁለቱ ጎኖች ተለይተው ከተቀረጹ አንደኛው ጎን ያልተነካ ድምፅ ነውና። ወደ ሞኖ ከተጨመቀ ግን በረከቱ አብሮ ይጠፋል። እንዲህ ያለ ቀረጻ በእጁ ያለ ቤተ መዛግብት ፋይሉን ወደ ሞኖ ከመለወጡ በፊት ግራውንና ቀኙን ለየብቻ ቢያዳምጥ መልካም ነው።

ስለሚነሣው ተቃውሞ

ከልምድ ባለሙያዎች የሚሰማው ጠንካራው ተቃውሞ ይህ ነው፦ ተጫዋቹ የሚጫወተው የሚሰማውን ነው፤ ፔዳሉ ሲበራ እጁ ይለወጣል፤ ስለዚህ ያልተነካው ትራክ የሐሰት ትራክ ነው፣ ማንም ያልሰማው ድምፅ ነውና። የተቃውሞው ግማሽ እውነት ነው። ኮረስ የበራለት ክራር ተጫዋች ድምፁ እንዲሰፋ ቦታ ይሰጣል፤ ትሬሞሎ የበራለት ደግሞ ከውዝዋዜው ጋር ይሄዳል። ለዚህም ነው ተጫዋቹ ደረቅ ድምፅ ብቻ እየሰማ ይቀረጽ የማልለው። ፔዳሉን በጆሮው ይስማ፤ በሶፍትዌሩ ግን ሁለቱም፣ ደረቁም የተነካውም፣ በተለያየ ትራክ ይግቡ። ገመዱን ለሁለት የሚከፍል ሣጥን ይበቃል፤ የኢንተርፌሱ ሁለት መግቢያዎች ናቸው የሚያስፈልጉት። እንዲያውም ጥናቱ የሚጣፍጠው ያኔ ነው። ተጫዋቹ ፔዳሉ ሲበራና ሲጠፋ ክሩን እንዴት እንደሚነካ ማወዳደር የሚቻለው ደረቁ ትራክ ሲኖር ብቻ ነው፤ በተነካው ትራክ ላይ የእጁ ለውጥ ከማሽኑ ለውጥ ጋር ተቀላቅሏል።

በእርግጥ ደረቅ ድምፅ የሚባል ነገር የሌለባቸው መሣሪያዎች አሉ። የሐሞንድ ኦርጋን ድምፅ በሌስሊ ድምፅ ማጉያ ውስጥ ሲወጣ ቀንዱ በአካል ይሽከረከራል፤ የቪብራፎኑም ክዳን እንዲሁ። እነዚህን «ሳይነኩ» መቅረጽ መሣሪያውን ራሱን መቀማት ነው። እዚያ የሚጠየቀው ፍጥነቱን መመዝገብ ብቻ ነው፦ ሞተሩ በርቷል ወይስ ጠፍቷል፣ በምን ያህል ፍጥነት።

ከዚህ ጋር የሚሄድ ሌላ ጉዳይ አለ፤ የካሴቶቻችን ጉዳይ። ከእኛ የሙዚቃ ቅርስ ከፍተኛው ክፍል በሰከንድ 4.76 ሴንቲ ሜትር በሚጓዝ ካሴት ላይ ያለፈ ነው። የካሴቱ ጉዞ ወጥ ባልሆነ ቁጥር ቅጥነቱ ይወዛወዛል፤ ማንም ያላዘዘው ቪብራቶ ነው። የሚያስገርመው፣ ዛሬ ይህንኑ ጉድለት ሆን ብለው የሚያመጡ ፕለጊኖች መኖራቸውና ለ«ጥንታዊነት» ሲባል በአዲስ ቀረጻ ላይ መጫናቸው ነው። የዛሬ ሃምሳ ዓመት የሚመጣ አጥኚ የትኛው ውዝዋዜ የካሴት ሕመም፣ የትኛው የፕለጊን ጌጥ እንደነበር በምን ይለያል? እኛ ካልጻፍንለት በምንም።

ፔዳል ወይስ ፕለጊን?

ይህ ጥያቄ ከሚገባው በላይ ጊዜ ይወስድብናል። ፔዳል ከውጭ የሚመጣ፣ ለተማሪ ኪስ የሚከብድ ዕቃ ነው፤ ከቀረጻ ሶፍትዌሮች ጋር አብረው የሚመጡት ኮረሶችና ፌዘሮች ለአብዛኛው ሥራ ይበቃሉ። ፔዳል የለኝም ብሎ የሚሸማቀቅ ተማሪ በከንቱ ነው የሚሸማቀቀው። የፕለጊን ትልቁ ጥቅም አቀማመጡ ከፕሮጀክቱ ጋር መቀመጡ ነው፤ ትልቁ አደጋው ደግሞ ይኸው ነው፤ ተቀምጧል ብለን ሳንጽፈው እንቀራለን፣ ከዓመታት በኋላ ፕለጊኑ በአዲሱ ኮምፒዩተር ላይ አይከፈትም።

ተደጋጋሚነትን በተመለከተም ፕለጊን ሁልጊዜ ታማኝ አይደለም። ፈተናው ቀላል ነው። ያንኑ ትራክ በዚያው ፕለጊን ሁለት ጊዜ አውጥቶ፣ የአንዱን ፖላሪቲ ገልብጦ መደመር። ፍጹም ዝምታ ከመጣ ሁለቱ አንድ ናቸው። ድምፅ ከተሰማ ግን ውዝዋዜው በየጊዜው ከተለያየ ቦታ ነው የሚነሣው ማለት ነው፤ ፕሮጀክቱን ከፍቶ ዳግመኛ ማውጣት የመጀመሪያውን አይመልስም። እውነተኛ ፔዳል ይህን ፈተና በጭራሽ አያልፍም፤ ሞገዱ ዘፈኑ መቼ እንደጀመረ አያውቅምና። ስለዚህ ከፔዳል የተመለሰውን ድምፅ ወዲያው በትራክ ላይ መቅረጽ ግዴታ ነው።

ውዝዋዜውን ከዘፈኑ ፍጥነት ጋር ማሰር የሚቻልባቸው ፕለጊኖች ደግሞ በእኛ ምት ላይ ሌላ ወጥመድ አላቸው። ሶፍትዌሩ ሲከፈት አብዛኛውን ጊዜ 4/4 ይዞ ነው። ችክችካ ግን 6/8 ነው። ትሬሞሎውን በተለመደው የሩብ ኖታ ላይ ካሰርነው በአንድ ቤት ውስጥ ሦስት ጊዜ ይመላለሳል፤ የጭፈራው እግር ግን ሁለት ጊዜ ነው የሚረግጠው። ይህ የሦስትና የሁለት ፍጭት በራሱ ያምር ይሆናል፤ በተለይ በጉልበት በሚቆርጥ ትሬሞሎ። ሰው መርጦት ሲሆን ጥሩ፤ ሶፍትዌሩ ስለመረጠው ሲሆን ግን የምቱን ጠባይ ለሚያጠና ሌላ የተሳሳተ ማስረጃ ነው። ነጥብ ያለበትን ሩብ ኖታ መምረጥ ይቻላል፤ እግሩ በደቂቃ 100 ጊዜ የሚረግጥ ከሆነ ፍጥነቱ 1.67 ሄርዝ ይሆናል፤ ይህንንም በእጅ መሙላት ይቻላል።

ምን ይመዝገብ?

ድምፅ የሚያያዝበት የመመረቂያ ጽሑፍ ሁሉ ከተቀላቀለው ስቴሪዮ ፋይል ጋር ያልተነኩትን ትራኮች፣ ባልተጨመቀ ዌቭ ፋይል፣ አብሮ እንዲያስረክብ ቢደረግ እላለሁ። ከዚያም አንድ ገጽ፦ ፔዳሎቹ በምን ቅደም ተከተል እንደተቀጠሉ፣ የእያንዳንዱ ቁልፍ አቅጣጫ፣ ሞኖ ወይም ስቴሪዮ መሆኑ፣ የሶፍትዌሩና የፕለጊኑ ስሪት። የፔዳሉ ፊት በስልክ ፎቶ ቢነሣ ግማሹ ሥራ ያልቃል።

ቁልፍ «ሦስት ሰዓት ላይ ነበር» ማለት ግን ስንት ሄርዝ፣ ስንት ሴንት እንደሆነ አይነግረንም፤ ሁለት አንድ ዓይነት ፔዳሎች እንኳ በአንድ አቀማመጥ አንድ ዓይነት አይወዛወዙም። ለዚህ የማቀርበው መፍትሔ የማመሳከሪያ ድምፅ ነው። ቀረጻው እንዳለቀ፣ ማንም ቁልፎቹን ሳይነካ፣ 440 ሄርዝ የሆነ ንጹሕ ድምፅ ከሶፍትዌሩ ለግማሽ ደቂቃ በፔዳሉ ውስጥ አሳልፎ መቅረጽ። የመቀላቀያ ቁልፍ ያለው ፔዳል ከሆነ አንድ ጊዜ በዘፈኑ አቀማመጥ፣ አንድ ጊዜ የተነካው ድምፅ ብቻ እንዲወጣ አድርጎ። ከዚያ ቀረጻ ላይ ውዝዋዜው በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደተመላለሰ፣ ከ440 ምን ያህል እንደራቀ፣ ባለ ሦስት ማዕዘን ይሁን ክብ ማንም በኋላ የሚመጣ ሰው ሊያነበው ይችላል፤ ፔዳሉ ቢጠፋም፣ ቢበላሽም።

«ቦታ ይይዛል» የሚለውን ምክንያት በስሌት ልመልስ። በ48,000 ናሙናና በ24 ቢት የተቀረጸ የሞኖ ትራክ በደቂቃ 8.64 ሜጋባይት ነው። የማመሳከሪያው ግማሽ ደቂቃ 4.3፣ የአምስት ደቂቃ ዘፈን ያልተነካ ትራክ 43 ሜጋባይት ይይዛል፤ ሁለቱም በአንድ ላይ በስልክ ከተቀረጸ የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ አይበልጡም።